ፖኪናቻ ኮተቤ ሲገባ

በ1988 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሲያትል የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በመንገደኛ ዕቃ ላከልን። ለእናቴ ሹራብ፣ ለአባቴ የጺም መላጫ፣ ለእህቶቼ ቅባትና ሽቶ፣ ለእኔ አንድ ካሴት። ባንዱ ኤም ኤክስ ፒ ኤክስ ይባላል፤ አልበሙ «ፖኪናቻ»። በካሴቱ ማቀፊያ ውስጥ የተጣጠፈች ብጣሽ ወረቀት ነበረች። የአክስቴ ልጅ የባንዱ ልጆች እንደኛው አማኞች መሆናቸውን፣ ከሲያትል በጀልባ ተሻግሮ ባለች ከተማ እንደሚኖሩ ጽፎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ እንድሰማው አዞኛል።

የቤታችን ቴፕ ሳሎን ውስጥ፣ ዳንቴል የለበሰ ቡፌ ላይ ይቀመጥ ነበር። በዚያ ዘመን በኮተቤ ሰፈራችን ቴፕ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ የሚያሰማው ግን እንደየቤቱ ነው። ከአጥራችን ማዶ ጥላሁን ገሠሠና አስቴር አወቀ ሲዘፍኑ ይውላሉ፤ የእኛ ቴፕ ከመዝሙር ሌላ አያውቅም። የመዝሙር ካሴት እንዴት እንደሚጀምር ጆሮዬ ለምዶታል፦ ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ዜማውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል፣ ከዚያ ዘማሪው ይቀበላል። «ፖኪናቻ»ን ስጫነው ይህ ሥርዓት ሁሉ ቀረ። ድራምና ጊታር እኩል በሩጫ ገቡ፤ በላያቸው ላይ ድምፁ ገና ያልበሰለ አንድ ጎረምሳ ትንፋሽ እስኪያጥረው ቃል ያዘንብ ጀመር። ምን እንደሚል ለመለየት ስጣጣር ዜማው አለቀ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው የቆየው። እፎይ ሳልል ሌላው ተተካ። የካሴቱ አንድ ፊት እስኪያልቅ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም፤ ገልብጬም ሁለተኛውን ፊት ሰማሁት።

ለምን እንዲያ እንደያዘኝ ዛሬ በግልጽ መናገር እችላለሁ። እስከዚያ ቀን የሰማኋቸው መዝሙሮች በአብዛኛው መከራን ያለፉ ሰዎች ድምፅ ነበሩ። በእስር፣ በስደት፣ በሐዘን የተፈተነ እምነት ነበር የሚዘመረው። እኔ ደግሞ ገና በምንም አልተፈተንኩም። ተማሪ ነኝ፤ የሚያሳስበኝ ጓደኞቼ ስለ እኔ የሚያስቡት፣ የፈተና ውጤቴ፣ የክፍሌ ልጆች «ጴንጤ» እያሉ ሲጠሩኝ የምመልሰው ነገር ነው። እነዚህን ይዞ ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብ ዝማሬ ሊኖር እንደሚችል አልገመትኩም። የ«ፖኪናቻ»ን ርእሶች ብቻ እንኳ ብታነቡ አንዱ ስለ ፀጉር ነው፣ አንዱ ስለ ቴሌቪዥን፣ አንዱ ስለ ማሰብ መብዛት፤ ከመካከላቸው ደግሞ አንዱ የሸክላ ዕቃዎች የሚል ርእስ አለው፤ ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ የጻፈው ነው። ይህን ርእስ ሳየው ደስታዬ ወሰን አጣ። የእሑድ ትምህርት ቤት ጥቅሴ ከዚያ ሁሉ ሁካታ መሐል ተቀምጧል። እምነትና የዕለት ኑሮ ያለ አጥር በአንድ ካሴት ላይ አብረው አገኘኋቸው።

ስለ ባንዱ ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው፤ ጥቂቱን ከካሴቱ ወረቀት፣ ጥቂቱን ከአክስቴ ልጅ ደብዳቤዎች፣ የቀረውን ከዓመታት በኋላ። ልጆቹ የሚኖሩባት ብሬመርተን በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ፒዩጄት ሳውንድ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር ያለች፣ የባሕር ኃይል መርከቦች የሚታደሱባት ከተማ ናት። ከሲያትል በትልቅ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እዚያ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ1992 እ.ኤ.አ. ባንድ አቋቋሙ። ማይክ ሄሬራ ቤዝ ጊታር እየመታ ይዘፍናል፣ ዩሪ ሩሊ ድራም ይመታል፣ አንዲ ሃስቴድ ጊታር ይጫወታል። መጀመሪያ ስማቸው ማግኒፋይድ ፕላድ ነበር። ስሙን ሲያሳጥሩት፣ ሩሊ ከፊደሎቹ በኋላ የሚያደርጋቸው ነጥቦች ኤክስ ይመስሉ ስለነበር ኤም ኤክስ ፒ ኤክስ ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያ አልበማቸው «ፖኪናቻ» በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሄሬራ ገና 17 ዓመቱ ነው። ያሳተመላቸው ቱዝ ኤንድ ኔይል ሪከርድስ ደግሞ ብራንደን ኢበል ከአንድ ዓመት በፊት ያቋቋመው ጨቅላ ድርጅት ነበር። ዘማሪዎቹ ልጆች፣ አሳታሚውም ጀማሪ።

ፐንክ የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት ሲወለድ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። የኒውዮርኮቹ ራሞንስ የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1976 እ.ኤ.አ. ሲቀዱ ያወጡት ገንዘብ 6,400 ዶላር ገደማ ነው፤ ሙሉው አልበም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለዓለም ወጣቶች ያስተማሩት ነገር ግን ብዙ ነበር። ሦስት ኮርድ የሚያውቅና የሚናገረው ነገር ያለው ወጣት የጊታር ሊቅ እስኪሆን መጠበቅ እንደሌለበት አሳዩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ካሊፎርኒያ አንደርከቨርና አልታር ቦይስ የመሳሰሉ ክርስቲያን ባንዶች ይህንኑ መንገድ ለወንጌል ያዙት። ኤም ኤክስ ፒ ኤክስ ሲመጡ መንገዱ ተጠርጎ ነበር፤ እነርሱ ደግሞ ዕድሜያቸውን ይዘው ገቡበት።

ይህን ሁሉ ያለ እናቴ ካሴቶች ልረዳው አልችልም ነበር። እናቴ ከአልጋዋ ሥር፣ በአንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የሰበሰበቻቸው የመዝሙር ካሴቶች ነበሯት። የሙሉ ወንጌል መዘምራን፣ አዲሱ ወርቁ፣ ደረጀ ከበደ፣ ታምራት ኃይሌ፣ ተስፋዬ ጋቢሶ። አብዛኞቹ ከተቀዳ ላይ የተቀዱ ናቸው፤ ከዜማው በፊት የሌላ ሰው ቤት በር ሲዘጋ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ላያቸው ላይ ምንም አልተጻፈም። ቤት ቢፈተሽ ፈታሹ እንዳያውቃቸው ነው። እናቴ ግን የፕላስቲኩን ቀለምና ጭረቱን አይታ የትኛው የማን እንደሆነ ትለያለች።

እነዚህ ካሴቶች የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ምትክ ነበሩ። ብሥራተ ወንጌል የሚባለው የሉተራውያን ሬዲዮ ጣቢያ በየካቲት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ለ14 ዓመታት ያህል ካሰማ በኋላ፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንም ተዘጋች፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ መሠረተ ክርስቶስ ተዘጋች። ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነቱ ምክንያት ለሰባት ዓመት ታሰረ። ምእመናን በየቤቱ አምስትም አሥርም እየሆኑ በኅብረት ይገናኙ ጀመር። ጮክ ብሎ መዘመር ጎረቤትን መጥራት ነውና፣ ከንፈር እያንቀሳቀሱ በሹክሹክታ የሚዘምሩበት ጊዜ ነበር። ካሴት ግን በጆሮ ተጠግቶ ይደመጣል፤ በነጠላ ተጠቅልሎ ከሰፈር ሰፈር ይሄዳል። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት፤ በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት ከ34,000 የማያንሱ ሆነው ወጡ። ከዚህ ዕድገት ውስጥ የካሴቶቹን ድርሻ የሚለካ ሚዛን የለኝም፤ በእኛ ቤት ግን እምነት የገባው በጆሮ በኩል ነው።

እናቴ «ፖኪናቻ»ን የሰማችው አንድ ቅዳሜ ከሾላ ገበያ ስትመለስ ነው። ዘንቢሏን በር ላይ አስቀምጣ ቆመች። ቴፑን ልዘጋ ስንደረደር በእጇ ከለከለችኝ።

«መዝሙር ነው ያልከኝ ይሄ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ስንት ዓመታቸው ነው ልጆቹ?»

የሚዘፍነው ሲቀዳው 17 እንደነበረ ነገርኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አንድ ሁለት ዜማ ሰማች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እኛም እኮ ያን ያህል ነበርን።»

ያን ዕለት ከዚያ በፊት ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ሙሉ ወንጌል በ1959 ዓ.ም. ስትመሠረት ያቋቋሟት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። መንግሥት ዕውቅና ከለከላቸው፤ በ1964 ዓ.ም. ክረምት 250 ያህሉ ከስብሰባ ላይ ተይዘው ታሰሩ። እናቴ ያኔ ትምህርት ቤት ነበረች፤ በሰፈሯ ኅብረት ውስጥ ትዘምር ነበር። ቦክስ ጊታር ይዞ ለመዘመር የቆመ ልጅ በመጣ ጊዜ የተነሣው ክርክር ትዝ ይላታል። ጊታር የዳንኪራ ዕቃ ነው፣ ወደ ጸሎት ቤት ሊገባ አይገባውም ያሉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ልጁ ግን መታው፤ ሌሎቹም ዘመሩ።

ካሴቶቹን ሲቀዱም እንዲህ እንደነበር ነገረችኝ። ቀበና አካባቢ በአንድ ሰው ቤት፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ፣ አንድ ቴፕ ክፍሉ መካከል ወንበር ላይ ይቀመጣል። ድምፀ ጉልበታሞቹ ወደ ግድግዳው ይሸሻሉ፤ ድምፃቸው ቀጭን የሆኑት ወደ ቴፑ ይጠጋሉ። ውሻ ከጮኸ፣ መኪና ካለፈ፣ ከመጀመሪያው ይጀመራል። አንዷ ስትስቅ ሁሉም ይስቃሉ፤ እንደገና ይጀመራል። «አልቅሰን የቀዳነው ይመስልሃል አይደል?» አለችኝ። «ሳቅ ሲያስቸግረን ነበር ያመሸነው።»

እነዚያን ካሴቶች ሁልጊዜ የሽማግሌዎች ድምፅ አድርጌ እሰማቸው ነበር። ከአልጋ ሥር የሚወጡ፣ በጥንቃቄ የሚያዙ፣ የጸሎት ዕቃ ናቸው። እናቴ ያን ቀን ዕድሜያቸውን መለሰችላቸው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ቆመን ዓይናችንን ጨፍነን የምንዘምራቸው ዜማዎች ብዙዎቹ የጎረምሶችና የኮረዶች ሥራ ናቸው፤ ጊታር ለመያዝ ተከራክረው፣ ኮርዱን በልምምድ እያገኙ፣ ነገ ምን እንደሚደርስባቸው ሳያውቁ የቀዷቸው። በመከራ የበሰለው ድምፃቸው በኋላ የመጣ ነው። ቆርቆሮውን ከፍቼ አሮጌዎቹን እንደገና ስሰማ፣ ጊታሩ ከዜማው ቀድሞ ሲሮጥ፣ አንዱ ድምፅ ከሌሎቹ ሲያፈነግጥ ሰማሁ። የብሬመርተኑ ካሴት ለእናቴ ካሴቶች ጆሮ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ካሴቱ ተራራ ወጣ። የሰፈራችን የወጣቶች ኅብረት ቅዳሜ ማለዳ ለጸሎት ወደ የካ ተራራ ይወጣ ነበር። ከኮተቤ ዋና መንገድ ወደ ሰሜን ተነሥተን፣ ቤቶቹን ጨርሰን፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ እንገባለን። ዳገቱ ቀላል አይደለም፤ ሸንተረሩ ከእንጦጦ ጋር ተያይዞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ለለመደም ትንፋሽ ይቆርጣል። ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ እንለቅላቸዋለን። ከአንድ ቋጥኝ ወደ ተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል የሚሄዱ ምእመናንም እናገኛለን፤ እኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችን፣ እነርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «እንደምን አደራችሁ» «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለን እንተላለፋለን። ላይ ስንደርስ ከተማው በሙሉ ከእግራችን ሥር ይታያል፤ በጀርባችን በኩል ሜዳው ወደ ሱሉልታ ይዘረጋል።

ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ የእኛ ነበር። አንድ ዎክማን አለን፤ ማዳመጫውን ለሁለት ተካፍለን እያንዳንዱ በአንድ ጆሮው ይሰማል፣ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ዜማው ይጎተታል፤ ያን ጊዜ ድንጋዮቹን አውጥተን ቋጥኝ ላይ ፀሐይ እናሞቃቸዋለን። ሲሞቁ ጥቂት ዜማ ይሰጡናል። የባትሪ ጉልበት ለመቆጠብ ካሴቱን በእስክሪብቶ ነበር የምናጠነጥነው። ከመካከላችን ቦክስ ጊታር ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እርሱ የሰማውን ወዲያው በጣቱ ይፈልጋል፤ እኛ ዙሪያውን ከበን እንጠብቃለን።

አንድ ቅዳሜ ያ ልጅ ያገኘው ነገር ዛሬም ይደንቀኛል። ኤም ኤክስ ፒ ኤክስና መሰሎቻቸው ጊታሩን የሚመቱት በአብዛኛው በሁለት ድምፅ ነው፤ መሠረቱንና አምስተኛውን ብቻ ይይዛሉ፣ ሦስተኛውን ይተዉታል። ሦስተኛው ድምፅ ነው ኮርዱን ሜጀር ወይም ማይነር የሚያደርገው። እርሱ ከሌለ ኮርዱ ለሁለቱም ወገን ክፍት ነው። የእኛ ዜማዎች ደግሞ በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። የተለመደውን የጊታር ኮርድ ከሥራቸው ስታስገባ ሦስተኛው ድምፅ ብዙ ጊዜ ይጋጫቸዋል፤ በመዝሙር ካሴቶቻችን ላይ ጆሮ የሚቆረቁር ቦታ ሲኖር ብዙውን ጊዜ መንሥኤው ይህ ነው። ጓደኛችን ባለ ሁለት ድምፁን ኮርድ እየመታ በትዝታ ቅኝት የእናቴን ዘመን መዝሙር ሲያንጎራጉር ዜማው ያለ ጠብ ተቀመጠለት። እንደገና መታው፤ አሁን በፍጥነት። ሁላችንም ተነሥተን ቆምን። ከብሬመርተን የመጣው መላ ለእኛ ቅኝት የተሠራ ይመስል ነበር።

ግጥሙም ተስማማው። አማርኛ ዐረፍተ ነገሩን በግሥ ይጨርሳል፤ የመስመሩ ጉልበት መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ፐንክም እንዲሁ ነው፤ ባንዱ በሙሉ አብሮ የሚጮኸው የመስመሩን ማብቂያ ነው። አጫጭር ስንኞች ጻፍን። አንዱ ስለ ኮተቤ ታክሲ ሰልፍ ነበር፣ አንዱ መብራት ስለሚጠፋበት የጥናት ምሽት፣ አንዱ ስለ ጸሎት ማጣት፤ መጸለይ እየፈለጉ ቃል ስለማጣት። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነበር ብዬ አምናለሁ። በጉባኤ ፊት ቆሞ «ጌታ ሆይ፣ የምለው አጣሁ» የሚል ወጣት እስከዚያ ድረስ ሰምቼ አላውቅም።

በ1989 ዓ.ም. በአንድ የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ከእነዚህ ዜማዎች ጥቂቱን አቀረብን። ጊታርና ቤዝ ተውሰን፣ ድራሙን የአጥቢያው መዘምራን ፈቅደውልን። ሁለተኛው ዜማ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ድራሙ አላቆመም። ጊታሪስቱ የኤሌክትሪኩን ትቶ ቦክስ ጊታሩን አነሣ፤ ወጣቱ በጭብጨባ ያዘው፤ ከወንበሮቹ መካከል የእናቴ እልልታ ተሰማ። ሲያበቃ አስተያየት የሰጡ ነበሩ። ጥሩ ነው፣ ግን ገና ናችሁ፤ ስትበስሉ ትቀዱታላችሁ አሉን። በክፉ ልብ አልነበረም የተናገሩት፤ እኛም በአክብሮት ተቀበልናቸው። ሳንቀዳው ዓመታት አለፉ፣ ልጆቹም ተበታተኑ። አንዱ ሐዋሳ መምህር ነው፣ አንዱ ውጭ ሀገር ሄደ፣ ጊታሪስቱ ዛሬ በየካ ሰፈር ለሕፃናት ሙዚቃ ያስተምራል። ዜማዎቹን ከአራታችን በስተቀር የሚያውቃቸው የለም።

«ስትበስሉ» የሚለውን ምክር ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ፤ የማልስማማበት ምክንያትም አለኝ። ኤም ኤክስ ፒ ኤክስ በሰሉ። ቶም ዊስኒየውስኪ በ1995 እ.ኤ.አ. የጊታሩን ቦታ ያዘ፣ አጨዋወታቸው ጠራ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት አልበም ከ500,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። ያንንም እወደዋለሁ። ነገር ግን «ፖኪናቻ»ን ዳግመኛ ሊሠሩት አይችሉም። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው የ17 ዓመት ልጅን ጥርጣሬ በትዝታ ይጽፈዋል እንጂ ከውስጡ ሆኖ አይዘምረውም። የእናቴ ጓደኞችም እንዲሁ ናቸው። ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል እየሳቁ የቀዱትን ያን ዝማሬ፣ ከእስር ከወጡ በኋላ በተሻለ ስቱዲዮ እንደገና ቢቀዱት ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ያልበሰለ ድምፅ የራሱ እውነት አለው፤ ጊዜውም አጭር ነው።

ከዚያ በኋላ ሀገራችን ጠንካራ ጊታር ለመስማት ጆሮዋን ከፍታለች። ጃኖ ባንድ በ2005 ዓ.ም. «ኤርታሌ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት ሲያወጣ፣ ሮክና የሀበሻ ቅኝት አብረው እንደሚሄዱ ብዙ ሰው አየ። መንፈሳዊ ባይሆንም ያን አልበም በሰማሁ ቀን የየካ ተራራ ልጆች በአንዴ ትዝ አሉኝ። የካም ራሷ ተለውጣለች። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲና አያት የሚወስደው መንገድ ባቡር ገባበት፤ በእንጦጦ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ከተሜውን በብዛት ወደ ዳገቱ አወጣው። እኛ ከምንወጣበት ዱር በታች ያሉት ቤቶችም ወደ ላይ ገፍተዋል። በየአጥቢያው ያሉ ወጣቶች ዛሬ እኛ ያላለምነው ዕቃ አላቸው፤ አንድ ስልክ የእናቴን ዘመን ቴፕ፣ የእኛን ዎክማንና የብሬመርተንን ስቱዲዮ አንድ ላይ ይዟል።

ለዚህ ነው ሁለት ነገር አጥብቄ የምመኘው። የመጀመሪያው ስለ አሮጌዎቹ ነው። በየቤቱ ቆርቆሮ ውስጥ ያሉ የደርግ ዘመን ካሴቶች ክራቸው እየደረቀና እየተበጠሰ ነው። የእናቴን እኔ ራሴ ወደ ኮምፒውተር አስተላልፌያቸዋለሁ፤ የሕፃኑን ልቅሶና የበሩን ድምፅ ሳላጠፋ፣ እንዳሉ። እንዲህ ያለ ካሴት ያላችሁ ሁሉ አድርጉት። የዘማሪዎቹን ስምና ዕድሜ፣ የተቀዳበትን ቤትና ዓመት የሚያስታውስ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቃችሁ ከጎኑ ጻፉት። የአንድ ትውልድ የእምነት ታሪክ ከመጻሕፍት ይልቅ እነርሱ ላይ ይበዛል።

ሁለተኛው ስለ ልጆቹ ነው። በአጥቢያችሁ የሚያስቸግር ጊታር የያዘ፣ ድምፁ ገና ያልጸና፣ ግጥሙ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ፈተና የሆነ ወጣት ቢመጣ ዘንድሮውኑ ይቅዳው። ሥነ ሥርዓት አስተምሩት፣ ቃሉን አስጠኑት፣ ኮርዱን አርሙለት፤ መቅዳቱን ግን አታዘግዩበት። ዛሬ ዓይናችንን ጨፍነን የምንዘምራቸውን ዜማዎች የሰጡን ያኔ እንዲህ ያሉ ልጆች ናቸው፤ የዛሬዎቹም የሚቀጥለውን ትውልድ መዝሙር በእጃቸው ይዘው ሊሆን ይችላል።